ሥልጣኑ ሳይኖራቸው የሚሟገቱ፦ ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ እንዳይዘጋ የታገሉ የእንግሊዝ የሰፈር ፖለቲከኞች

በኦገስት 2014 አንድ ምሽት፣ በደቡብ ምዕራብ ለንደን ዊምብልደን በተባለው ሰፈር የሚኖሩት ፖል ኮለር የቤታቸው በር ሲንኳኳ ተነሥተው ከፈቱ። ፊታቸውን የሸፈኑ አራት ሰዎች በርግደው ገቡ። ገንዘቡን አምጣ እያሉ ደበደቧቸው፤ የፊታቸው አጥንት ተሰባበረ። ፎቅ ላይ የነበረች ልጃቸው ክፍል ውስጥ ተደብቃ ለፖሊስ ደወለች። ፖሊስ በ8 ደቂቃ ውስጥ ደረሰ፤ ከአራቱ ሁለቱ እዚያው ቤት ውስጥ ተያዙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮለር በጊዜው ሶአስ በሚባለው የለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ተቋም የሕግ መምህር ነበሩ። አማርኛ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥበት የኖረው ያው ሶአስ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካን የዊምብልደንን ፖሊስ ጣቢያ ጨምሮ የብዙ ጣቢያዎችን በር ለመዝጋት ማቀዳቸው ሲሰማ፣ የሕግ መምህሩ ያቺን 8 ደቂቃ አነሡ። ጣቢያው ቅርብ ባይሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ላልኖር እችል ነበር የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በሜይ 2018 ሊበራል ዴሞክራቶች የተባለውን ፓርቲ ወክለው ዊምብልደን ላለበት ለመርተን ክፍለ ከተማ ምክር ቤት ተመረጡ፤ የከንቲባውን ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፍርድ ቤት ገተሩት።

እዚህ ላይ አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። የመርተን ምክር ቤት በፖሊስ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ጣቢያ መክፈትም መዝጋትም፣ አንድ ፖሊስ መቅጠርም ማሰናበትም አይችልም። ታዲያ አንድ የሰፈር ተመራጭ በእጁ የሌለውን ነገር አድናለሁ ብሎ ሲነሣ ምን ይዞ ነው የሚነሣው?

በብሪታንያ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ፎቶግራፍ አለ። በደብዳቤ ማስገቢያ በኩል ወለል ላይ በሚወድቅ በራሪ ወረቀት ላይ አንድ የምክር ቤት አባል ወይም ዕጩ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ጣቱን ወደ አንድ ነገር ቀስሮ ይታያል። የሚያመለክተው የተቦረቦረ አስፋልት ሊሆን ይችላል፤ የተዘጋ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሊዘጋ ነው የተባለ ክሊኒክም ሊሆን ይችላል። ከሥር «እየታገልንልዎ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ወረቀት በሬ ሥር በወደቀ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ፈገግታዬ ግን ሙሉ በሙሉ ንቀት አይደለም፤ ከእነዚህ ጣት ቀሳሪዎች መካከል ጥቂቶቹ የሚኒስትር ውሳኔ ያስቀለበሱ ናቸው። የትኛው ከልቡ እንደሆነ፣ የትኛው ለፎቶግራፍ እንደቆመ ለመለየት ግን ሥልጣኑ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሆስፒታሉ ገንዘብ የሚመጣው ከማዕከላዊ መንግሥት በብሔራዊው የጤና አገልግሎት በኩል ነው። የአካባቢ ምክር ቤቶች ከ2013 ጀምሮ ማጨስን ለማስተው፣ ሱሰኞችን ለመርዳትና ለመሳሰለው የመከላከል ሥራ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል፤ በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ግን የቁልፍ ባለቤቶች አይደሉም። ፖሊስም እንዲሁ ነው። ዜጋው በየዓመቱ በሚከፍለው፣ ካውንስል ታክስ በተባለው የመኖሪያ ቤት ግብር ላይ ለፖሊስ የሚሄደው ድርሻ ለብቻው ተጽፎ ይመጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የሰፈሩ ምክር ቤት አይደለም። ለንደን ውስጥ ከንቲባው ነው፤ በሌላው የእንግሊዝና የዌልስ ክፍል በአብዛኛው ሕዝብ የመረጠው የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ነው።

የኮሚሽነሮቹ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው። በኖቬምበር 2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጡ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዌልስ ኒውፖርት ከተማ ቤትስ በሚባል ሰፈር ደግሞ አስመራጮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው አንድም ሰው ሳይመጣ ኮሮጆው ባዶውን ተመልሷል። ሕዝብ ስሙን የማያውቀው ሰው የሕዝብን ፖሊስ ሲያስተዳድር ቆይቶ፣ በ2025 መጨረሻ መንግሥት ኮሚሽነሮቹ በሜይ 2028 የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ሹመቱ እንደሚቀር አስታወቀ። ማንም ያለቀሰ አልመሰለኝም።

እንግዲህ የሰፈሩ ተመራጭ ሥልጣኑ እዚህ የለም፣ እዚያም የለም። የሚቀረው መያዣ አንድ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጥበት መንገድ። የእንግሊዝ ሕግ ባለሥልጣንን «ይህን አትዝጋ» ብሎ አይከለክልም፤ «ሳትጠይቅ፣ ሳታደምጥ፣ ከሥልጣንህ ወጥተህ አትዝጋ» ይላል።

ይህ የመጠየቅ ግዴታ የሕዝብ ምክክር ይባላል። መለኪያው የተቀረጸው በ1985 ሰሜን ምዕራብ ለንደን ብሬንት ውስጥ በትምህርት ቤቶች መዘጋት ላይ በተነሣ ክርክር ነው። ያኔ ለፍርድ ቤቱ የቀረቡት አራት ነጥቦች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ምክክሩ ውሳኔው ገና ሊጥ ሳለ መደረግ አለበት፤ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ሕዝብ መጥራት ምክክር አይደለም። ሰው አስቦ መመለስ እንዲችል በቂ ማስረጃ ሊሰጠው ይገባል። በቂ ጊዜም ያስፈልገዋል። የተመለሰው መልስ ደግሞ ከልብ ታይቶ መመዘን አለበት። በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚህኑ ነጥቦች አጽንቷቸዋል።

የዊምብልደን ጉዳይ የተንጠለጠለው በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ነበር። የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ያቀረበው ምክንያት ደካማ አልነበረም። በ2006 ከመቶ ወንጀል 22ቱ ጥቆማ ሰው በአካል በሚስተናገድበት የጣቢያ ባንኮኒ ላይ ይሰጥ ነበር፤ በ2016 ግን ወደ 8 ወርዷል። ሰው በስልክና በኢንተርኔት ይጠቁማል። ባንኮኒዎቹን ዘግቶ በየክፍለ ከተማው አንድ ሌት ተቀን የሚሠራ ብቻ ማስቀረት በዓመት 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያድናል፤ ይህም የ140 ፖሊሶች ወጪ ነው። ሕንፃ ይሻላል ወይስ ፖሊስ? ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ ማንም «ሕንፃ» አይልም።

ኮለር ግን በምክክሩ ጊዜ አስተያየታቸውን ጽፈው አስገብተው ነበር። በጁላይ 2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሲሰጥ፣ ከቀረበበት ክርክር አብዛኛውን ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት ፈረደ። በለንደን ሁሉ ጣቢያዎችን የመዝጋቱ ዕቅድ አልተነካም። በአንድ ነጥብ ግን ከሳሹ ረቱ፤ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ዊምብልደን የጻፉትን መልስ በሚገባ አልመዘነውም ተባለ፤ በዚያ ጣቢያ ላይ የተሰጠው ውሳኔም ሕገ ወጥ ሆነ። አንድ ነዋሪ ሞልቶ የላከው መልስ ከሰልፍና ከመፈክር የበለጠ ክብደት ኖረው። ሰውየው በ2024 የዊምብልደን የፓርላማ አባል ሆነው ተመርጠዋል።

ከዚህ ጋር የምዕራብ እንግሊዟን የኪደርሚንስተርን ታሪክ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ተቃራኒ ነው።

ኪደርሚንስተር በምንጣፍ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጤና ባለሥልጣናት የከተማዋን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዘግተው አገልግሎቱን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ዉስተር ሊያዛውሩ ወሰኑ። ዉስተር ላይ በግል ኩባንያዎች ገንዘብ አዲስ ሆስፒታል እየተሠራ ነበር። ነዋሪው ተቆጣ፤ «የጤና ጉዳይ ያሳስበናል» እንደማለት ያለ ስም የያዘ የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ የወረዳውን ምክር ቤት መቀመጫዎች ይለቅም ጀመር። በ2000 ድንገተኛ ክፍሉ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት አጠቃላይ ምርጫ መጣ፤ በዚያው ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡት ሐኪም ዶክተር ሪቻርድ ቴይለር ለፓርላማ ተወዳደሩ። መቀመጫው የገዢው የሌበር ፓርቲ ነበር፤ ይዞት የነበረውም ምክትል ሚኒስትር ነበር። ሐኪሙ 28,487 ድምፅ አገኙ፤ ሁለተኛ ከወጣው በ17,630 በለጡ። ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ውጭ የሆነ ሰው በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ብልጫ ሲያገኝ ማየት ብርቅ ነው። በ2005ም ደገሙት፤ በ2010 ተሸንፈው እስኪወጡ ዘጠኝ ዓመት ፓርላማ ተቀመጡ።

ድንገተኛ ክፍሉ ግን አልተመለሰም። ዛሬም በኪደርሚንስተር ቀላል ጉዳት የሚታይበት ክፍል አለ፤ ልቡን የያዘው ሰው በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ፓርላማ፣ ሃያ ስምንት ሺህ ድምፅ፣ ውጤቱ ግን ከበሩ አላለፈም። የዘገየ ቁጣ ነበረና። ሕዝቡ የምርጫ ካርዱን ያነሣው ሊጡ ተጋግሮ፣ የዉስተር ሕንፃ ውል ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ግን ቴይለር ምንም አላተረፉም ማለት አይደለም። ትርፉን የበሉት ሌሎች ከተሞች ናቸው። ከዚያ ምርጫ በኋላ ምክትል ሚኒስትርን ከወንበሩ ያነሣ የሆስፒታል ቁጣ በየፓርቲው መሥሪያ ቤት እንደ ማስፈራሪያ ይወራ ነበር። በ2003 ስለ ሆስፒታሎች መቀናጀትና መዘጋት ሚኒስትሩን የሚያማክር ገለልተኛ ጉባኤ ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን የአካባቢ ምክር ቤቶች የጤና ዕቅዶችን እንዲመረምሩና ካልተስማሙ ጉዳዩን ወደ ሚኒስትሩ እንዲመሩት ሥልጣን አገኙ። የሰፈር ተመራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጥርስ በቀለለት ማለት ይቻላል። ጥርሱ ስንት ዓመት እንደቆየ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰልፍም ሕግም አብረው ሲሠሩ ለማየት የሚሻለው ቦታ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ያለው ሉዊሻም ነው። በ2012 የደቡብ ለንደን የጤና ትረስት የተባለው ድርጅት በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እየከሰረ ነበር። ለክስረቱ ትልቅ ምክንያት የሆኑት ዉሊችና ብሮምሊ ላይ በግል ኩባንያዎች ተሠርተው መንግሥት ለአሥርት ዓመታት እየከፈለ የሚገላገላቸው ሁለት ሆስፒታሎች ናቸው። መንግሥት ልዩ አስተዳዳሪ ሾመ። አስተዳዳሪው ሒሳቡን አገላብጦ ሲያበቃ መፍትሔው ላይ ያልተጠበቀ ስም ጻፈ፤ የሉዊሻም ሆስፒታል ድንገተኛና የማዋለጃ አገልግሎት ይቀነስ አለ። ሉዊሻም ግን የዚያ ትረስት አካል አልነበረም፤ የራሱ አስተዳደር ያለው፣ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ጎረቤት ነበር። ያለዕዳው ዘማች የሚባለው ይኸው ነው።

በጃንዋሪ 2013 መጨረሻ ላይ 25 ሺህ ገደማ የተገመተ ሕዝብ በበረዶ ማግሥት አደባባይ ወጣ። ልጅ ያዘለ አለ፤ የነርስ ልብሱን የለበሰ አለ፤ በዚያው ሆስፒታል የተወለደ መሆኑን ካርቶን ላይ የጻፈ አለ። ቀድሞ የሰፈሩ ምክር ቤት ሰው የነበሩት የያኔዋ የሰፈሩ የፓርላማ አባል ሄይዲ አሌክሳንደር ድምፃቸውን አሰሙ። የጤና ሚኒስትሩ ጄረሚ ሃንት ግን በዚያው ሳምንት ዕቅዱን ትንሽ አሻሽለው ተቀበሉት። ሰልፉ ሚኒስትሩን አላነቃነቀም ማለት ነው።

ያነቃነቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። በቀጥታ ሕዝብ የመረጣቸው ከንቲባ ሰር ስቲቭ ቡሎክ ያኔ ይመሩት የነበረው የሉዊሻም ምክር ቤት፣ ከነዋሪዎቹ ዘመቻ ጎን ተሰልፎ ከሰሰ። ክርክሩ ስለ ሕመምተኛ ስቃይ አልነበረም፤ «ልዩ አስተዳዳሪው የተሾመው ለከሰረው ትረስት ነው፤ ጎረቤቱን እንዲነካ ሕጉ አልፈቀደለትም» የሚል ደረቅ የሕግ ንባብ ነበር። በጁላይ 31 ቀን 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሚኒስትሩ ከሥልጣናቸው ውጭ ሄደዋል አለ። ሚኒስትሩ ይግባኝ ቢሉም በኦክቶበር ተሸነፉ። ድንገተኛ ክፍሉ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

የምክር ቤቱ ሚና እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ነዋሪ ብቻውን ቢከስና ቢሸነፍ የመንግሥትን የጠበቃ ወጪ ሊሸከም ይችላል፤ ያ ፍርሃት ብዙ ሰፈሮችን አፋቸውን ይዘጋል። የምክር ቤት ከሳሽነት ማለት የሕግ ክፍል፣ በጀትና ትከሻ ማለት ነው። በተጨማሪም እንዲህ ያለ ክስ በአስቸኳይ፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ፊርማ ሲያሰባስብ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሦስቱን ወር ያሳለፈ ተመራጭ ሰፈሩን ወዶ ጎድቶታል።

ከዚያስ? መንግሥት በፍርድ ቤት ሲሸነፍ ሁለት አማራጭ አለው፤ መታረም ወይም ሕጉን ማረም። በ2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ ውስጥ ልዩ አስተዳዳሪ ወደ ጎረቤት ሆስፒታልም እጁን መዘርጋት የሚችልበት አንቀጽ ገባ። ሉዊሻም የገባችበት በር ከኋላዋ ተዘጋ። ከላይ ያነሣሁት የምክር ቤቶች ጥርስም ከጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ተነቅሏል። አሁን ምክር ቤቱ ጉዳዩን ወደ ሚኒስትሩ የመምራት የራሱ ሥልጣን የለውም፤ በምትኩ ሚኒስትሩ ራሳቸው በፈለጉ ጊዜ ጣልቃ መግባት ይችላሉ፤ ማንም ሰው «ጣልቃ ይግቡ» ብሎ ሊጽፍላቸው ይችላል። ምክር ቤቱና አንድ ተራ ነዋሪ በዚህ በኩል እኩል ሆነዋል። እኩልነቱ ለነዋሪው ማደግ ይሁን ለምክር ቤቱ መውረድ ለመወሰን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለተሟጋቾቹ ያደላ ነው። ነገር ግን «የሰፈሬን አትንኩ» የሚል ሁሉ ትክክል ነው ብዬ ብጽፍ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። በ2010 ለንደን የስትሮክ ሕክምናን አሰባሰበች። ቀድሞ ሠላሳ ገደማ ሆስፒታሎች እንደየአቅማቸው ይቀበሉ የነበረውን ድንገተኛ ሕመምተኛ፣ ሌት ተቀን የራስ ቅል ምርመራና ልዩ ሐኪም ያላቸው 8 ማዕከላት ብቻ እንዲቀበሉት ተደረገ። አምቡላንሱ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል እያየ ያልፈዋል። በየሰፈሩ ተቃውሞ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት በለውጡ በዓመት 96 ተጨማሪ ሰዎች ከሞት ተርፈዋል ብሎ ገመተ። ያኔ «እየታገልንልዎ ነው» ብሎ ጣቱን የቀሰረ ፖለቲከኛ ቢሳካለት ኖሮ ማንን ያተርፍ፣ ማንን ይቀብር ነበር? ስለዚህ ተመራጩን መጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ትታገልልኛለህ ወይ?» አይመስለኝም። «የሚዛወረው የትኛው ሕክምና ነው፣ ወዴት፣ በአምቡላንስ ስንት ደቂቃ፣ በአውቶቡስስ ስንት?» ነው። ስትሮክ በአምቡላንስ ይሄዳል። የወሊድ ክትትልና የስኳር ሕመም ቀጠሮ ግን በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፤ ዕቅድ አውጪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት አውቶቡሱን ነው።

ወደ ፖሊሱ ልመለስ፤ ክፉው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሆስፒታል በር አለው። ሊዘጋ ሲል ይታወቃል፤ ምክክር ይጠራል፤ ሰልፍ ይወጣል። የሰፈር ፖሊስ ግን በር የለውም። ሰውየው ጡረታ ይወጣል፤ ቦታው አይተካም። ወይም በስም ከሰፈሩ ተመድቦ ሳለ ለሌላ ግዳጅ ይወሰዳል፤ ቅዳሜ ለእግር ኳስ፣ እሑድ ለሰልፍ፣ ሰኞ ሰው ላጠረው የአስቸኳይ ጥሪ ቡድን። በወረቀት ላይ አለ፤ በመንገዱ ላይ የለም። ለዚህ ሕዝብ የሚያማክር፣ ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ፣ በሦስት ወር ውስጥ የሚከሰስ ውሳኔ የለም። ከ2010 እስከ 2018 በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ መኮንኖች ቁጥር ከ143 ሺህ በላይ ከነበረበት ወደ 122 ሺህ ገደማ ሲወርድ አብዛኛው የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ሰፈር ለሰፈር በእግር የሚዞሩት፣ የማሰር ሥልጣናቸው የተወሰነው የማኅበረሰብ ድጋፍ ፖሊሶች ደግሞ በ2010 ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ፤ ዛሬ ከግማሽ በታች ናቸው። መንግሥት በኋላ 20 ሺህ አዲስ ፖሊስ ቀጥሮ በ2023 ቁጥሩን መልሷል። የተመለሰው ግን ቁጥሩ ነው፤ የየትኛው ልጅ እናት ማን እንደሆነች የሚያውቀው ሰው አልተመለሰም። ያሁኑ መንግሥት 13 ሺህ ተጨማሪ የሰፈር ፖሊሶችንና ድጋፍ ሰጪዎችን በ2029 አሟላለሁ ብሏል። ስንቶቹ ከሌላ ክፍል የሚዛወሩ፣ ስንቶቹ አዲስ የሚቀጠሩ እንደሆኑ መቁጠር የአንድ ንቁ የሰፈር ተመራጭ ሥራ ነው።

መቁጠሪያውም አለ። ለንደን ውስጥ በየቀበሌው ለአካባቢው ብቻ የተመደቡ ፖሊሶች እንዲኖሩ የከንቲባው ፖሊሲ ነው፤ ነዋሪዎች ከነዚሁ ፖሊሶች ጋር ተቀምጠው የወራቱን ሥራ ቅደም ተከተል የሚያወጡበት ጉባኤም አለ። እዚያ ሄዶ «ያለፈው ወር የእኛ ፖሊስ ስንት ቀን እዚህ ነበር፣ ስንት ቀን ለሌላ ተወሰደ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በየወሩ መመዝገብ አሰልቺ ነው። ፎቶግራፍ አይወጣውም። ከታዘብኳቸው የምክር ቤት አባላት ይህን የሚያደርጉት ከሁለት አይበልጡም፤ ሁለቱም ከተለያየ ፓርቲ ናቸው።

በ2025 ደግሞ የለንደን ፖሊስ የ260 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት አለብኝ ብሎ ከቀሩት ባንኮኒዎች የተወሰኑትን እንደሚዘጋ፣ የሌሎቹንም ሰዓት እንደሚቀንስ አስታወቀ። በየክፍለ ከተማው አንድ ሌት ተቀን የሚሠራ ይኖራል የሚለው የከንቲባው ቃል በዚያው አበቃ። ክርክሩ ያው የ2017ቱ ነው፤ ሰው በስልክና በኢንተርኔት ይጠቁማል የሚል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ አማርኛ ተናጋሪዎቹ አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ኬንያዊውና ኡጋንዳዊው ጎረቤታችን የመኖሪያ ፈቃድ እስካለው ድረስ ይመርጣል፤ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ናትና። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች እኛ ዜግነት እስክንወስድ ድረስ የምርጫ ካርድ የለንም። ብዙዎቻችን ከዚህ ተነሥተን «አይመለከተንም» ብለን በራሪ ወረቀቱን እንጥለዋለን። የሕዝብ ምክክር ግን ዜግነት አይጠይቅም። ዊምብልደንን ያዳነው ደግሞ ካርድ አልነበረም፤ የምክክር መልስ ነው።

አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት የሰፈራችን እናት ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ የባንኮኒ ሰዓት ሊቀነስ ስለሆነ አስተያየት ስጡ የሚል ነበር። «ልጄ፣ ይኼ የመብራት ነው የግብር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። ፖሊስ ማግኘት ሲፈልጉ በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይስ በአካል ይመርጣሉ የሚለው ላይ ስንደርስ አላመነቱም።

«በስልክ ሲሆን እንግሊዝኛው ይሮጥብኛል። ፊት ለፊት ግን በእጄም በዓይኔም አስረዳለሁ። ያን ጊዜ ቦርሳዬን ሲነጥቁኝ እንዲያ አይደል ያስረዳሁት?»

«እማማ፣ ይህንኑ ልጻፈው?»

«እንዳለ ጻፈው። ዳገቱን የሚወጣውን አውቶቡስ ቁጥርም ጨምርበት፤ እሑድ እሑድ በሰዓት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።»

ጻፍኩት፤ ቁጥሩንም እሑዱንም። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እስክሪብቶዬን ስከድን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በፀሐይ አንጻር ያዝ አድርገው አዩትና «ያነቡታል?» አሉ። ስለ ዊምብልደኑ የሕግ መምህር አጫወትኳቸው፤ ባይነበብ እንኳ አለመነበቡ ራሱ ሊያስከስስ እንደሚችል። ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ስሜንም ከነአባቴ ጻፈው» አሉ።